ሞላ መቁረጥ ወይስ ትልቅ ቸርኬ? ለዋግ መንገድ የቱ ይበጃል?

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ፍሬን ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ዛሬ ወደ ታች ወርጄ ስለ ሞላና ስለ ጎማ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ምክንያቱም በአውቶ ክፍል ተማሪዎች ዘንድ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ፣ መኪናህን ሞላ ቆርጠህ ዝቅ ታደርጋታለህ ወይስ ትልቅ ቸርኬ ትገጥምላታለህ? በዶርም፣ በሻይ ቤት፣ በወርክሾፕ በር ላይ ስንሰበሰብ ክርክሩ ይነሳል። ከመካከላችን መኪና ያለው ሰው የለም፤ ክርክሩ ግን እንደ ባለ አሥር መኪና ነው። እኔም ስከራከር ነበር። ክርክሩ ቤታችን ድረስ እስኪገባ ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አምና ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዝቶ ሰቆጣ አመጣ። ገንዘቡ ከብዙ ቦታ የተለቃቀመ ነው፤ የማር ሽያጭ አለበት፣ የፍየል ሽያጭ አለበት፣ እናታችን ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችውም አለበት። ሐሳቡ በኮንትራት ሰው ማመላለስና በዚያው ቤቱን ማገዝ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከበባት። የቀድሞ ባለቤቷ ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አድርጓታል፤ በላዩ ላይ ባለ 17 ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር አስገጥሞላታል። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ተምረሃልና እስቲ እያት፤ ለእኛ አገር ትሆናለች?" አለኝ። እኔም ዞር ዞር ብዬ አየሁና "አትንካት፣ እንዲህ ነው የምታምረው፤ ዝቅ ያለ መኪና መንገድ ይይዛል" አልኩት። መለኪያ ሜትር በኪሴ ነበር። አላወጣሁትም።

ባለፈው ክረምት በአንድ ማታ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ምጥ የያዛት የጎረቤት ልጅ ነበረችና ወንድሜ እንዲያመጣት ተጠራ። ስልኩ እንደደረሰው ተነሳ። ሲሄድ ባዶ ስለነበረች እንደምንም አለፈች። ሲመለስ ግን ነፍሰ ጡሯ፣ እናቷ፣ ባሏና አንዲት አክስት ተሳፍረዋል። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ባስቀረበት ኮረኮንች ላይ ከሥር "ጓ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ብዙም ሳይሄዱ የዘይት መብራት በራ። ኮፓው ተበስቶ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሷል። ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ፤ እሱን እንኳ አውቆበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ብርድ፣ አሸዋ የጫነ አይሱዙ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ምስጋና ለፈጣሪ ይግባውና ልጅቷም ሕፃኑም በሰላም ተገላገሉ። ይሁን እንጂ እኔ ያን ሌሊት በሰላም አልተኛሁም። "አትንካት፣ እንዲህ ነው የምታምረው" ያልኩት እኔ ነኛ!

በማግሥቱ ወንድሜ አልተቆጣኝም። "እሺ፣ አሁንስ? ሞላ ላስቀይር ወይስ ትልቅ ጎማ ልግዛ? ለሁለቱም ገንዘብ የለኝም" ብቻ አለኝ። ይህ ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ መጥቶ ቢሆን አሥር ገጽ እሞላ ነበር። ከወንድም አፍ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከመናገሬ በፊት ለካሁ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ሞላውን እንመልከት። በክፍል እንደተማርነው የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በሚሠሩት ጥቅሎች ብዛት ይወሰናል። ሌላው ሳይነካ የጥቅሉ ብዛት ከቀነሰ ጥንካሬው በዚያው ልክ ይጨምራል። ስድስት የሚሠሩ ጥቅሎች ያሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ አምስት ይቀሩታል፤ ስድስት ለአምስት ሲካፈል 1.2 ነው። ይህ ማለት ሞላው 20 ከመቶ ጠነከረ ማለት ነው። ደግሞም መኪናዋ ስለወረደች ጎማው ወደ ላይ ሊጓዝበት የሚችለው ርቀት ቀንሷል። አነስተኛ ጉዞና ጠንካራ ሞላ በኮረኮንች ላይ ሲገናኙ ድንጋዩን የሚቀበለው አሞርዛተሩ፣ ቴስቲኒው፣ ብራቾውና በመጨረሻም የተሳፋሪው ወገብ ነው። በእሳት ተሙቆ የተቆረጠ ሞላ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ጠባዩን ስለሚያጣ ቀስ በቀስ ይተኛል፣ ይሰነጠቃልም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲንጠለጠል የተቆረጠው ጫፍ ከመቀመጫው ሊወጣ እንደሚችልም መርሳት የለብንም።

የወንድሜን መኪና ደልዳላ ቦታ አቁሜ ከኮፓው ሥር እስከ መሬት ስለካ ባዶዋን 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አምስት ሰው አስቀምጬ ደግሜ ስለካ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ አገኘሁ። ለመሆኑ በእኛ መንገድ ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ድንጋይ አለ እንዴ? የሰው ጡጫ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ከዚህ ላይ ለእውነት መቆም ተገቢ ነውና ዝቅ ማድረግ ከንቱ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። እንደ ጀርመኑ አይባክ ያሉ ፋብሪካዎች ለዚሁ ተብሎ የተሰላ፣ አጭርና ጠንካራ ሞላ ይሠራሉ። እሱ ከተቆረጠ ሞላ ጋር አንድ አይደለም። የመኪናው የክብደት ማዕከል ሲወርድ በኩርባ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዛወረው ክብደት ይቀንሳል፤ መኪናውም መንገድ ይይዛል። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው በጀርመን እንኳ ሞላ የቀየረ ሰው መኪናውን አስመርምሮ ማስጸደቅ ይኖርበታል። እዚያ ባለ ሙያ የሚመረምረውን እኛ በአንድ ግራይንደርና በአንድ ከሰዓት እንጨርሰዋለን።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። "ቸርኬው ሲተልቅ መኪናው ከፍ ይላል" እንላለን። እስቲ እናስላው። በኮሮላው ላይ መጀመሪያ የነበረው ጎማ 185/65 አር 14 ነው። 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 ከመቶ ነው ማለት ነው፤ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ የጎኑ ቁመት 120 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቸርኬው 355.6 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላው ከአፍ እስከ አፍ 596 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቀድሞው ባለቤት ያስገጠመው ደግሞ 205/40 አር 17 ነው። የጎኑ ቁመት 82 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው 431.8 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላው 595.8 ሚሊ ሜትር። አያችሁ? ባለ 17 ቸርኬ ተገጥሞ መኪናዋ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከፍ አላለችም! የሆነው ነገር ቢኖር 38 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ተወስዶ በብረት መተካቱ ነው። ያ ላስቲክና በውስጡ ያለው አየር ደግሞ የመጀመሪያው ሞላችን ነው። ድንጋይ ሲመታ ቀድሞ የሚታጠፈው እሱ ነው። እሱ ሲሳሳ ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማው ከጎኑ ይፈነዳል። በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉ ጎሚስታ፣ እኛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ያንን ጎማ ሲያዩ "ልጄ፣ ይኼ ጎማ ሳይሆን ቀለበት ነው" ብለው ሳቁብኝ። ስሌት ሳይሠሩ ያወቁትን እኔ በካልኩሌተር ደረስኩበት።

ስለዚህ ጥያቄው ራሱ በተሳሳተ መንገድ ነው የሚጠየቀው ማለት ነው። ጥያቄው ቸርኬው ስንት ነው ሳይሆን ጎማው ከአፍ እስከ አፍ ስንት ነው፣ ስንቱስ ላስቲክ ነው መሆን አለበት። በዚያው በ14 ቸርኬ ላይ 185/70 ብንገጥም ጠቅላላው 614.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭማሪው 18.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናዋ ከፍ የምትለው በግማሹ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። ትንሽ ናት። ግን መላ መኪናዋን ነው ከፍ የምታደርገው፤ ላስቲኩም ወደ 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

"መላ መኪናዋን" ያልኩት በምክንያት ነው። ሞላ የሚያነሳው ቦዲውን ነው፤ ጎማ ግን ከሥር ያለውን ሁሉ ያነሳል። በተለይ ድፍን አክስል ባላቸው ፒክ አፖችና የጭነት መኪናዎች ላይ ባሌስትራ ብትጨምሩ ሻንሲው ከፍ ይላል እንጂ ዲፈረንሻሉ ካለበት አይነቃነቅም። ድንጋዩ የሚመታው ደግሞ ዲፈረንሻሉን ነው። በእኛ አካባቢ ባሌስትራ ማስጨመር እንደ መድኃኒት ይቆጠራልና ይህን ልብ ብትሉ መልካም ነው። አምስት ባሌስትራ ባለው ላይ ተመሳሳይ ስድስተኛ ቢጨመር ጥንካሬው 20 ከመቶ ይጨምራል። የሚገርመው ይህ ቁጥር ከላይ ሞላ በመቁረጥ ያገኘነው ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ለማሳመር ቆረጠ፣ የእኛው ሹፌር ለመጫን ጨመረ፤ ሁለቱም መኪናቸውን እኩል አደነደኑ። ባሌስትራ የጨመረ ሰው ደግሞ ጭነት መጨመሩ አይቀርም፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

የጎማውም ነገር ቢሆን ልክ አለው። ጎማው በ3 ከመቶ ሲያድግ ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል፤ 100 ሲል እውነቱ 103 ነው። የፍሬኑ ጉልበት በረዘመ ክንድ ላይ ስለሚያርፍ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የማርሹም የመጎተት ጉልበት እንዲሁ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል ማለት ነው። አስቀድሞ የደከመ ሞተር ላይ ከልክ ያለፈ ጎማ ጭነን ዳገት ብንወጣ ፍሪሲዮን እናቃጥላለን። ስለዚህ "አንድ ደረጃ ብቻ" እላለሁ፤ ያውም መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ጎማው የትም እንደማይነካ ከታየ በኋላ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። "ገደል ባለበት አገር ዝቅ ያለ መኪና አይገለበጥም፤ አንተ ከፍ አድርገህ ሰው ልትጨርስ ነው" ይሉኛል። ይህ ቀልድ አይደለምና መልስ ይገባዋል። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚያወርደውን የግራ ካሶን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው የከፍታን ነገር አይንቅም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተጠረገ መንገድ ነው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ የሚሉት የሙያችን ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እንግዲህ በዚያ ኩርባ ላይ መኪናውን የሚገለብጠው ምንድን ነው?

1,600 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ አንድ መኪና እናስብ። ፖርቶመጋላው ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ10 ከፍታ ላይ፣ 200 ኪሎ እህል ጫንበት። የሁለቱን አማካይ ስናወጣ አዲሱ ማዕከል 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ ማለት ነው! ሞላ ቆርጠን የምናወርደው ግን ቢበዛ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። እኔ በጎማ የጨመርኩት ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር አትሞላም። መገልበጥ ያሳሰበው ሰው ካለ ግራይንደሩን ያስቀምጥና ጆንያውን ከላይ ያውርድ። ያለ ምንም ወጪ መኪና ዝቅ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ሌላው ክርክር ውበት ነው። "ወጣት ነን፣ እንዲያምርብን እንፈልጋለን" የሚል። ይህንንም አልንቅም። እኔም መኪናዋን አይቼ የተማረክሁት በዚሁ ነው፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደረሳው በሬ ሆኜ ማለት ነው። ግን ውበት ከቦታው ጋር ነው። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ ሰው ጫማ ሲመርጥ ለአስፋልት የተሠራውን አይመርጥም። የአገራችን ሰው ጫማውን ለመንገዱ ይመርጣል፤ መኪናችንንስ ለምን ለሌላ አገር መንገድ እናለብሳታለን?

እንግዲህ ወንድሜን ምን አልኩት? በመጀመሪያ ባለ 17ቱን ቸርኬ ከነጎማው ሽጥ አልኩት። አዲስ አበባ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ በቀላሉ ተሸጠ። በዚያ ገንዘብ ፋብሪካው ለመኪናዋ የሠራላትን ዓይነት ያልተቆረጠ ሞላ አራቱንም፣ ከፊት ሁለት ደህና አሞርዛተር ገዛን። ቀጥሎ ባለ 14 ቸርኬና 185/70 ጎማ፤ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ። ከኮፓው ሥር አንድ የወፈረ ላሜራ በያጅ አሠራን። ላሜራው የራሱን ውፍረት ቢወስድም አሁን ከሥሩ እስከ መሬት ባዶዋን 15 ሴንቲ ሜትር፣ በአምስት ሰው ደግሞ 11 ሆኗል። ከ6 ወደ 11! ተራራ አይደለም፤ ግን በዚያች ሌሊት 11 ሴንቲ ሜትር ቢኖር ኖሮ ያ ድንጋይ ምናልባት ሳይነካን ባለፈ። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ሹፌሩ ነው፤ ቀስ ብሎ መንዳትና አየሩን በልኩ መያዝ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ሞላ መቁረጥ ለዋግ አይሆንም። ትልቅ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋርም አይሆንም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሁለቱንም አልመርጥም፤ የራሷ ሞላ ይመለስላት፣ በራሷ ቸርኬ ላይ አንድ ደረጃ የወፈረ ላስቲክ ይገጠምላት እላለሁ። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ደግሞ ሞላው ይቅደም። የደከመና የተቆረጠ ሞላ ላይ የተገጠመ አዲስ ጎማ መበላቱ አይቀርምና።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ለእኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ አሁን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ የሚጠግናቸውም እኛ ነን። ሁለተኛ፣ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪያቸው በአብዛኛው ከወለሉ ሥር ነው። ኮፓ ቢበሳ ተበይዶ ዘይት ይሞላል፤ ባትሪ ቢመታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከመኪናው ሥር ያለችው ክፍተት ከእንግዲህ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አታሳስብም።

በመጨረሻም ለክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። መምህራኖቻችንን "ለምን አላስተማራችሁንም" ለማለት አይደለም፤ አስተምራችሁናል። የሞላውን ስሌት ከነምልክቱ በቃሌ እለው ነበር። የጎደለኝ ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ መለካት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በከተማችን ከሚሠሩ መኪናዎች አሥሩን ባዶና ከነጭነታቸው ለክቶ፣ የጎማቸውን ቁጥር ጽፎ፣ በአንድ መዝገብ ቢያኖር ምን ይመስላችኋል? ወጪው አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሹፌር መጥቶ "ልጄ፣ ሞላ ላስቆርጥ ወይስ ጎማ ልቀይር?" ሲል መዝገቡን ገልጠን እንመልሳለን እንጂ እንደ እኔ "ታምራለች" ብለን አንሸኘውም።

ያቺ ልጅ ሕፃኑን አዝላ አንዳንድ ጊዜ በደጃችን ታልፋለች። ወንድሜን ስታይ ትስቃለች፤ "ያቺ እምብርቷ መሬት የሚነካው መኪናህ ደህና ናት?" ትለዋለች። እሱም ይስቃል። እኔ ግን ሜትሬን ከኪሴ ማውጣት አልረሳም። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ ለክታችሁ ከሆነ በደስታ እሸነፋለሁ። ቸር ይግጠመን።